የእህቴ ቆጣሪ

እኔ መነጫነጭ የምወድ ሰው ነኝ፤ ደብቄው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። የሌላውን ቃል ስጽፍ የራሴ ቃል ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ አፌ አርፎ አያውቅም። ሻዩ ከቀዘቀዘ እናገራለሁ፤ ካቃጠለኝም እናገራለሁ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? እሷ አትናገርም፤ ትቆጥራለች።

እውነቴን ነው፣ ሥራዋ መቁጠር ነው። የባህሪ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ እንዲህ ብላ ስትነግረኝ “ባህሪ ደግሞ ባለሙያ አለው እንዴ?” ብዬ ስቄባት ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ቃል የማይወጣቸው፣ ሲጠሯቸው የማይዞሩ፣ በትንሽ በትልቁ የሚደነግጡ ልጆች ይመጡላታል። ሌላው ልጅ እያየ የሚለምደውን ነገር እሷ ቆራርሳ ነው የምታስተምራቸው። ማንኪያ መያዝን ብቻ አሥር ቦታ ትከፍለዋለች። ልጁ አንዷን ቁራሽ ሲችል ታመሰግነዋለች፣ የሚወደውን ነገር ትሰጠዋለች፣ ከዚያ ወደምትቀጥለው። ስንት ጊዜ ሞከረ፣ ስንት ጊዜ ቻለ፣ ሁሉም ይጻፋል። “ያልተቆጠረ አልተሠራም” ትል ነበር። አንድ ቀን “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በይኛ” ብላት፣ “ስንት ቀን ፈጀበት?” ብላ ጠየቀችኝ። ወላጆቻችን ቀድመውን ስለሄዱ በእጄ ነው ያደገችው፤ ይሄን አመል ግን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

የምትቆጥረው አንገቷ ላይ በክር በምታንጠለጥላት ትንሽ የብረት ቆጣሪ ነበር፤ በር ላይ የሚገባ የሚወጣ ሰው የሚቆጥሩባት ዓይነት። በአውራ ጣት ጫን ሲሏት ጠቅ ትልና አንድ ቁጥር ትጨምራለች። ያቺ ጠቅ ናላዬን ታዞረው ነበር! ቤት ስትገባ እንኳ አታወልቃትም። አንድ እሑድ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ስናገር ጠቅ፣ ስለ ዳቦው መድረቅ ስናገር ጠቅ፣ ስለ ጉልበቴ ስናገር ጠቅ ሲል ዋለ። እራት ላይ “እትዬ፣ ዛሬ አርባ ሦስት ጊዜ ተነጫነጭሽ” አትለኝም? ሰው በገዛ ቤቱ ይቆጠራል? ሦስት ቀን አኮረፍኳት። እሷ ግን አልተወችኝም። ከዚያ ወዲያ መናገር ስጀምር ጠቅ ታደርግና ከንፈሯን ነክሳ በዓይኗ ትስቅብኛለች፤ እኔም በግዴ እስቃለሁ።

የምትሠራበት ማዕከል ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ እጠብቃትና አብረን በእግር ወደ ቤት እንመለስ ነበር። ክፍሏ ውስጥ አንዲት ዝቅተኛ ጠረጴዛ አለች፤ ወንበሮቹ የልጅ ስለሆኑ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። መስኮቱ እስከ ወገቡ በወረቀት ተሸፍኗል፣ ልጆቹ መኪና ሲያዩ ልባቸው እንዳይሄድ። መደርደሪያው ላይ የየልጁ ፎቶ የተለጠፈባቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች፣ ከውጭ ደግሞ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር የተለጠፈበት ረጅም ኮሪደር። ሁሉም ነገር የሳሙና ሽታ ነበረው። ያን ጊዜ “ይሄ ወንበር ወገቤን ገደለው” እያልኩ እማረር ነበር። አሁን ያንን ወንበር ባገኘው!

ነፋሱን ያየሁት እዚያ ኮሪደር ላይ ነው። ልጁን ነፋሱ ያልነው እኛ አይደለንም፤ ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ ቃል አይወጣውም። እግሩ ግን! በር ተከፍቶ ካየ የለም። የሚኖሩት አውራ ጎዳና ዳር፣ ስድስት ተከራይ አንድ የውጭ በር በሚጋራበት ግቢ ነው። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ በሩ ተዘግቶ አያውቅም። ከባድ መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጊዜ ሹፌሮች ፍሬን ይዘው ነው የተረፈው። እናቱ መጀመሪያ የመጣች ቀን እህቴ እንደ ደንቧ ወረቀቷን ዘርግታ “ምን ምን እንዲችል ትፈልጊያለሽ?” ብላ ጠየቀቻት።

“ቲቸር፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ” አለች። “መናገሩም ይቅር። ቁም ሲባል እንዲቆም ብቻ አድርጉልኝ።”

ስምንት ወር ፈጀ። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ሲሮጥ “ቁም!” ትለዋለች፤ በእጇ ትይዘዋለች፤ ሲቆም የሳሙና አረፋ ትነፋለታለች። አረፋ ሲያይ ደስታው ሌላ ነው፣ ጣቶቹን እያርገበገበ ይዘላል። ከዚያ በእጅ መያዙ ቀረ። ከዚያ አምስት እርምጃ፣ ከዚያ ሙሉ ኮሪደሩ፣ ከዚያ የማዕከሉ ግቢ። በመጨረሻ እናቱ ራሷ “ቁም” እንድትለው ተደረገ። እህቴ ከጎኗ ቆማ፣ ቆጣሪዋን ይዛ። እኔም ነበርኩ። ልጁ ሮጠ፣ እናቱ “ቁም!” አለች፣ ቀጥ አለ። አሥር ጊዜ ሮጦ አሥር ጊዜ ቆመ። እናትየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በሚቀጥለው ሳምንት ቤታቸው ሄደን፣ እዚያው አስፈሪው በር ላይ እንሞክራለን ተባለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረርሽኙ መጣና ማዕከሉ ተዘጋ።

እህቴ አስም አለባት። ሐኪሟ “ከቤት እንዳትወጪ፣ ይሄ በሽታ ከሳንባሽ ጋር አይስማማም” አላት። ሳጥኖቹን በታክሲ አስጭና አስመጣች፣ ሳሎኔን ማዕከል አደረገችው። ሰማያዊ ሽርጧንም ቤት ውስጥ መልበስ ጀመረች። “ልጆቹ በሽርጡ ነው የሚያውቁኝ” አለች። ላፕቶፑን መጽሐፍ ደርድራ ላዩ ላይ አስቀመጠች፣ ከኋላዋ የነበረውን ሥዕል አወረደች፣ መጋረጃዬን ዘጋች። “ብርሃኔን መልሺ!” ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ጠቅ።

ሥራው ግን ከላይ ከታች ሆነባት። ልጅ ዳብሶ፣ እጁን ይዞ፣ ዓይኑ ሥር ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ በስልክ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ሳምንት ነፋሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል እህቴ “ጎበዝ!” ትላለች። ቃሉ በኔትወርኩ ተንፏቆ እስኪደርስ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። እና ጠረጴዛ ላይ በመውጣቱ ተመሰገነ። በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ መኖር ጀመረ። እኔ በሳቅ ሞትኩ፣ እሷ ግን ደብተሯን ከደነችና “ከዛሬ ጀምሮ አፌም እጄም እናቱ ናት። እኔ የማስተምረው እሷን ነው” አለች። ማመስገን ደግሞ ለእናትየዋ ከብዷት አረፈው። “እናቴ ልጅ ፊት ለፊት ሲመሰገን ይበላሻል እያለች ነው ያሳደገችኝ” ትላለች። ታዲያ እህቴ በጆሮ ማዳመጫ እናትየዋን ማመስገን ጀመረች። “ጎበዝ፣ አሁን በደንብ ነው ያልሽው! እንዲህ ነው እንጂ!” እናትየዋ መጀመሪያ አፈረች፣ ኋላ ቀና ማለት ጀመረች። ሰው ስንት ዓመት ጎበዝ ሳይባል ይኖራል!

አረፋው ቀርቶ የድስት ክዳን ተተካ። ነፋሱ ክዳን መሬት ላይ ሲሽከረከር ማየት ይወድ ኖሯል፤ ይሄን ያወቀችው እናቱ ናት፣ በማዕከሉ ስምንት ወር ማንም አላወቀም። እኔም ሥራ ተሰጠኝ።

“እትዬ፣ አንቺ ነፋሱ ነሽ” አለችኝ አንድ ጠዋት።

“ምን ነሽ አልሽኝ?”

“በኮሪደሩ ሩጪ። ቁም ስልሽ ትቆሚያለሽ። እናቱ የት ላይ ቆማ፣ በምን ድምፅ እንደምትለው አይታ ትማራለች።”

ያኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው! ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ስሮጥ፣ እናትየዋ በስልኩ ውስጥ “እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ እንዳይወድቁ!” አለችኝ። እማማ! እህቴ ፊቷን በደብተሯ ሸፍና ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሳቀች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ልጁ አይቆምም። እናቱ “ቁም!” ትላለች፣ ልጁ እንዳልሰማ ይነጉዳል። ጮክ ብላ ትላለች፣ አይሰማም። እህቴ የሚቆምበትን ርቀት አሳጠረችው፣ ክዳኑን አስቀደመችው፣ ሰዓቱን ለወጠችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደብተሯ ላይ ጭረት እየጫረች ቆጠረች፤ ስልኩንም ልጁንም እናትየዋንም እያየች ቆጣሪዋን የሚይዝ እጅ ስላልነበራት፣ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅላት ነበር። በየቀኑ ዜሮ ከአሥር። ዜሮ ከአሥር።

ያን ሰሞን እናትየዋን የሚያስቸኩላት ነገር ነበር። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ ለወረርሽኙ ተብሎ ፈረቃዋ ቀርቶ ነበር፣ ከሁለት ወር በኋላ እንድትመለስ ተነግሯታል። ልጁን የምትጠብቅላት ጉልበቷ የታመመ አክስት ናት፤ እሷ ሮጣ አትደርስበትም። እናትየዋ ቁልፍ ገዛች። ትልቅ የብረት ጋን ቁልፍ፣ በስልኩ ውስጥ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየናል።

“ከጠዋት እስክመለስ ክፍል ውስጥ እቆልፍበታለሁ” አለች። “ምን ላድርግ? በመኪና ከሚሞትብኝ ተቆልፎበት ይኑር። ለእርስዎ እኮ ይቆማል። ለእኔ ነው የማይቆመው። ናቀኝ መሰለኝ፣ ቲቸር። እናቱ መሆኔንም የሚያውቅ አይመስለኝም።”

እህቴ የዕለቱን ዜሮ ጽፋ ደብተሯን ከደነች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ በዚያ ሰማያዊ ሽርጥ ውስጥ ትንሽ ልጅ ሆና ታየችኝ። እኔ ደግሞ ሳዝን ነው አፌ የሚብሰው። “ይሄ ስልክ ድሮም ለጨዋ ሰው አልተሠራም! ሰው ሰውን በመስታወት ውስጥ ያስተምራል? እኔንም በስተርጅና አስሩጣችሁ ጉልበቴን…” እያልኩ ሳሎኑን ስዞር፣ እሷ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ በልማድ እጇን ወደ ሚስማሩ ሰደደችና ቆጣሪዋን አነሣች።

ጠቅ።

ዝም አልኩ። ቃሌ አፌ ውስጥ ቀረ።

ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች። ዞራ አየችኝ። እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም።

“እትዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?”

“እኔ እንጃ።”

“ምንም አላልኩሽም እኮ። ዝም በይ አላልኩሽም።”

“ጠቅ አለ፣ ዝም አልኩ። ለምጄዋለሁ መሰለኝ፣ ምን ታደርጊኛለሽ?”

 ሄዳ ላፕቶፑን ከፈተች። ከማዕከሉ የተቀረጹ ቪዲዮዎች ነበሯት፤ አንዱን አጫወተችው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጋ። ነፋሱ ኮሪደሩ ላይ ይሮጣል። ጠቅ። “ቁም!” ቆመ። ሌላ ከፈተች። ጠቅ። “ቁም!” ቆመ። ያንን እናትየዋ ያለቀሰችበትን ቀን ከፈተች። እናትየዋ አፏን ሳትከፍት ከጎኗ ጠቅ አለ፤ ከዚያ “ቁም!” አለች፤ ቆመ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ አንድ ነበር። እህቴ ጠቅ አድርጋ ልክ ቁም ልትል ስትል ሳል ያዛት። “ቁም” አላለችም። ልጁ ቆሟል። ቆሞ አረፋውን ይጠብቃል።

ለካ ነፋሱ አንድም ቀን ለቃሉ ቆሞ አያውቅም! የሚቆመው ለብረቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሎቹ ባለሙያዎች ልጁ ሲሞክር አይተው ነው የሚቆጥሩት። እህቴ ግን ሥራ ስትጀምር አንድ ቀን ቁጥር ጠፍቶባት አለቃዋ ወረቀቷን ሰው ፊት ቀደደባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳትረሳ ብላ አስቀድማ ትቆጥራለች፣ ከዚያ ትናገራለች። ሥራው ላይ ሃያ ዓመት ስትቆይ እጇ ራሱ የሚሠራው ነገር ሆነ፤ አታውቀውም። አመል ያወጣል ከመሀል የሚባለው ይሄ ነው። የሰውን ባህሪ ስትቆጥር ኖራ የራሷን ጣት አልቆጠረችም።

“ስምንት ወር” አለች። “ስምንት ወር ልጁን ለብረት አስተማርኩት። ያቺን እናት አስለቅሼ፣ አሥር ከአሥር ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ! ብትለቀው ኖሮስ? በእኔ ቃል ተማምና በሩን ብትከፍትለት ኖሮስ?”

“አልለቀቀችውም።”

“ምን ብዬ ነው የምነግራት?”

“እንዳለ ንገሪያት። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። ካልነገርሻት ግን እኔ ነኝ የምነግራት፤ አፌን ታውቂዋለሽ።”

ደወለች። ሽርጧን አውልቃ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም እሱ ነው አንጀቴን የበላው። ሁሉንም ነገረቻት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺም የልጅሽም አይደለም አለቻት። እናትየዋ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

“እና አልናቀኝም?” አለች።

“ምን?”

“እኔን አልናቀኝማ! ያ ድምፅ ስለሌለ ነው እንጂ። ቲቸር፣ የሚሰማው ነገር አለ ማለት እኮ ነው!” ብላ ሳቀች። እየሳቀች ነው እንባዋ የወረደው።

ቆጣሪዋን የወሰድኩላት እኔ ነኝ። እህቴ ቁጥሯን ወደ ዜሮ መልሳ፣ በአልኮል ጠራርጋ ላስቲክ ውስጥ ከተተቻት። ጭምብሌን አጥልቄ፣ ባዶውን መንገድ ጠርዝ ጠርዙን ሄጄ ለአንዴ ተዘግቶ ያገኘሁት የግቢው በር ላይ አንጠለጠልኩላት። ከውስጥ በሽንቁሩ አንድ ዓይን አየኝ። “አንተ ነህ በስተርጅና የምታስሮጠኝ?” አልኩት። ዓይኑ ጠፋ፣ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

አምስት ሳምንት ሠሩ። መጀመሪያ ጠቅ፣ ከዚያ “ቁም”፤ ወዲያው ቆመ፣ እናቱም ክዳኑን አሽከረከረች። ከዚያ ቃሉ ቀደመ፣ ጠቅታው ተከተለ። ከዚያ ጠቅታው ኪስ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቆጣሪዋ ካልሲ ለበሰች፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ። ከዚያ ሁለት ካልሲ። በየሳምንቱ እህቴ ድምፅዋን ታሳንሳለች፣ የእናቲቱን ታጎላለች። እናትየዋ ቸኮለች። “አሁን ቆጣሪዋን እንተዋት፣ ይበቃዋል” ስትል እህቴ፣ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያለ ቆጣሪዋ የምንሞክረው ሰኞ ነው፣ እሱም ክፍል ውስጥ፤ በር ላይ ገና ነው” አለቻት። እናትየዋ ሥራ የምትገባው ደግሞ ከዚያ ሰኞ ሦስት ቀን በኋላ ነበር። ጋን ቁልፉ ከግድግዳው አልወረደም።

ዓርብ ጠዋት ነው። እህቴ ደወለች፣ እኔ ሻይ ይዤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እናትየዋ ስልኩን እንደ ልማዷ ወንበር ላይ አቁማ “አንዴ፣ ምድጃውን ላጥፋና መጣሁ” ብላ ዞረች። በስልኩ የሚታየን ጠረጴዛው ብቻ ነው። ከዚያ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማን፤ ከተከራዮቹ አንዱ ዕቃ ይዞ ሲወጣ ነው። ከዚያ ትንንሽ እግሮች ጠረጴዛውን አልፈው ሮጡ። ከዚያ እናትየዋ።

ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለት ካልሲ ለብሳ፣ ቆጣሪዋ ቁጭ ብላለች።

እህቴ ክንዴን ጨመደደችኝ። “አልያዘቻትም” አለች። “እትዬ፣ አልያዘቻትም።”

“ቁም!”

ድምፁ ከሩቅ ነው የመጣው፣ ከውጭ። ወዲያው የከባድ መኪና ጡሩምባ፣ ረጅም። ከዚያ ምንም። ሻዩ እጄ ላይ ፈሶ አላቃጠለኝም። ጠረጴዛው ላይ ካልሲ ለብሳ የተቀመጠችውን ቆጣሪ አፍጥጠን እያየን ቁጭ አልን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ እህቴም አልቆጠረችም።

የእግር ኮቴ መጣ። ሁለት ሰው። እናትየዋ በስልኩ ፊት ብቅ አለች፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ።

“ቆመ” አለች። “አስፋልቱ ዳር። አንድ እግሩን አውርዶ ነበር። የመኪናው ንፋስ ሸሚዙን አራገበው። ዞሮ አየኝ፣ ቲቸር። ቁም ስለው ቆሞ ዞሮ አየኝ።” ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። “ቆጣሪዋ… ቆጣሪዋ እዚህ ናት ለካ!”

እህቴ እያለቀሰች፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? “ክዳኑን! ምን ትጠብቂያለሽ? ሳይዘገይ ክዳኑን አሽከርክሪለት!” ብላ ጮኸች። እናትየዋ ከድስቱ ላይ ክዳኑን ነጥቃ ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ሦስታችንም በስልክ ውስጥ እያለቀስን ክዳን ሲሽከረከር አየን። ነፋሱ ጣቶቹን እያርገበገበ ይዘላል።

ሰኞም ቆመ፣ ማክሰኞም ቆመ። አክስቲቱም ከወንበሯ ሳትነሣ “ቁም” ብላው ቆመ። ጋን ቁልፉን እናትየዋ ዳቦ ቤት ለልብስ ሳጥኗ አደረገችው። ቆጣሪዋን መለሰችልን፣ ካልሲዋን እንደለበሰች። ቁጥሯ አራት መቶ አሥራ ሰባት ይላል።

“የዓርቡን አልጨመርሽበትም?” አልኳት እህቴን። “ያልተቆጠረ አልተሠራም ስትይ አልነበር?”

“ያቺ የእኔ አይደለችም። የእናቱ ናት” አለች።

ይሄ ከሆነ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። እህቴ አሁን ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ጀማሪ ባለሙያዎችን ታሠለጥናለች። በየዓመቱ በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን የምትነግራቸው የራሷን ጥፋት ነው፤ ያንን ሳል ያለበትን ቪዲዮ የነፋሱን እናት አስፈቅዳ ታሳያቸዋለች። ስትሄድ ቆጣሪዋን ለእኔ ተወችልኝ። “ስትነጫነጪ ራስሽን ቁጠሪ” አለችኝ። አንድም ቀን አልቆጠርኩም። መጋረጃዬ ክፍት ነው፣ ብርሃኔ ተመልሷል፣ ሳሎኔ የራሴ ነው፤ የምፈልገው ሁሉ ሆነልኝ። አንዳንዴ ስለ ሻዩ መናገር እጀምርና መሀል ላይ ዝም እላለሁ። ከኋላዬ ጠቅ የሚል ነገር እጠብቃለሁ። ወይ እኔ! ያ ያማረርኩበት ጊዜ፣ ያ በነጠላ ጫማ የሮጥኩበት ኮሪደር፣ ያ ሁሉ ጭንቀት እንኳ አሁን ይናፍቀኛል።

ትናንት ከገበያ ስመለስ አየኋቸው። እናትየዋ ዘንቢል ይዛ ወደ ኋላ ቀርታለች። ነፋሱ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ እናቱን አልፏል፣ ከፊት ከፊት ይሄዳል። መንገዱ ማዶ ነበርኩ። አስፋልቱ ዳር ሲደርስ አፌን ከፍቼ ልጮህ ነበር።

ማንም ምንም አላለውም። ራሱ ቆመ። ዞሮ እናቱን አየ፣ እስክትደርስ ጠበቃት፣ ከዚያ እጇን ይዞ አብረው ተሻገሩ።

ቤት ገብቼ ዘንቢሌን እንኳ ሳላስቀምጥ ደወልኩላት። እንዳየሁት ነገርኳት።

“ማን ቁም አለው?”

“ማንም።”

“እናቱስ?”

“ኋላ ነበረች አልኩሽ እኮ! አንቺ ሴትዮ፣ ማንም። ራሱ ነው የቆመው።”

 አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

“እትዬ፣ ቆጣሪዋ አጠገብሽ ናት?”

“ናት።”

“እስቲ ያቺን የእሱን ቁጠሪልኝ።”

ቆጣሪዋን ከካልሲዋ አውጥቼ ስልኩ አፍ ላይ አስጠጋኋትና በአውራ ጣቴ ጫን አልኳት። አራት መቶ አሥራ ስምንት።